ለስንዱ ያነበብኩላት መጨረሻ

ባለፈው ወር ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ፀጉሬን ልሠራ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያለ አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። ከጎኔ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት የምትመስል ልጅ ጭንቅላቷን ካስኩ ውስጥ ከትታ፣ ከላይ የሚነፍሰውን ሙቀት እየታገሠች ስልኳ ላይ ታነባለች። በየመሃሉ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች።

«ምን እያነበብሽ ነው?» አልኳት።

«የፌሪዎች ታሪክ ነው። ፍቅር ምናምን አለው» አለችና አፍራ ስልኳን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

ሌላም ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ግን የጋለ ፀጉርና የቅባት ሽታ ከእርጥብ ፎጣ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። እኔም እንደዚያ ያለ መጽሐፍ አንብቤ ነበር፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ። ለራሴ ብቻ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

በዚያ ዓመት እናትና አባቴ ተለያዩ። አባቴ በግንቦት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። በሰኔ አልደወለም። ሐምሌ ሲገባ እናቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀና ማለቷን ተወች። እሷ ቢሮ ስለምትውል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን የሚያውል ሰው ጠፋና ክረምቱን አክስቴ ወይንሸት ፀጉር ቤት እንድውል ተደረገ።

ፀጉር ቤቱ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ መሃል በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ የእንጨት ሰገነት ያለው አንድ አሮጌ ቤት ሥር ነበር። ሦስት ወንበር፣ ሁለት ካስክና አንድ መታጠቢያ አለው። ዝናብ ሲበረታ ጎርፉ በበሩ ሥር ሾልኮ ስለሚገባ አክስቴ ጆንያ ጠቅልላ ደፉ ላይ ታነጥፍ ነበር፤ እርጥቡ ጆንያ የራሱ ሽታ ነበረው። የእኔ ሥራ ፀጉር የሚጠቀለልባቸውን ቢጎዲኖች በየመጠናቸው እየለየሁ ለስንዱ ማቀበል ነው።

ስንዱ የአክስቴ ሠራተኛ ነበረች። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለእኔ ግን እንደ እናቴ ትልቅ ሴት ነበረች። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሥራ የገባችው የታመመች እናቷን ለማስታመም ነው። እጇ ቀላል ነው ይሉላታል፤ ደንበኞች ሌላ ወንበር ባዶ እያለ እሷን ይጠብቃሉ። አፏ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ አፍ ነበር። አንዲት ሴትዮ «እስኪ አሥር ዓመት ቀንሺልኝ» ብትላት፣ «አሥር ዓመት ከቀነስኩልሽማ ባልሽን ገና አላገኘሽውም፤ ማታ የማን ቤት ልትገቢ ነው?» አለቻት።

ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የእኔን ፀጉር ትጎነጉናለች። ከዚያ በወረቀት ጠቅልላ ያመጣችውን ፓስቲ ለሁለት ትከፍልና ትልቁን ለእኔ ታደርጋለች። እናቴ በዚያ ክረምት ፀጉሬን ነክታው አታውቅም።

መጽሐፉን የረሳችው ለሠርግ ከውጭ የመጣች አንዲት ደንበኛ ነበረች። ወፍራም ነው፤ አረንጓዴ ሽፋኑ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ጽሑፍና ጆሮው የሾለ አንድ ቆንጆ ወንድ አለበት። አክስቴ ልጅቷ ትመለሳለች ብላ መጽሔቶቹ ሥር አስቀመጠችው። አልተመለሰችም።

አንድ ቅዳሜ ሦስት ሴቶች እርጥብ ፀጉራቸውን በቢጎዲን እንዳስጠቀለሉ መብራት ጠፋ። ካስኩ አይሠራም፣ በዚያ ጭንቅላት ደግሞ ዝናብ ውስጥ አይወጣ። አክስቴ ዞር ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

«ማርታ፣ እስኪ ያንን መጽሐፍ አንሺና ምን እንደሚል ንገሪን። ትምህርት ቤታችሁ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል ብለሽን የለ፤ እንግሊዝኛሽን እንየው።»

ጀመርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ከዚያ የገባኝን በአማርኛ እናገራለሁ። ገና በመጀመሪያው ገጽ ፌሪ የሚለው ቃል ላይ ተሰናከልኩ። በማግሥቱ አባቴ ትቶት የሄደውን መዝገበ ቃላት ሳይ ትንሽዬ የተረት መንፈስ ይላል፤ መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ግን ረጃጅሞች ናቸው፣ ያምራሉ፣ ሰይፍ ይታጠቃሉ።

«ዛር ናቸው?» አለች ከደንበኞቹ አንዷ።

እማማ ጥሩወርቅ ቀና አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጊዮርጊስ ሲመለሱ ሹሩባቸውን የሚሠሩ አሮጊት ናቸው፤ በዚያ ቤት የእሳቸውን ቃል የሚሽር አልነበረም።

«ስማቸውን እዚህ አትጥሩ» አሉ። «ሰውም መንፈስም ካልሆኑ ‹እነዚያ› በያቸው፣ ልጄ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እነዚያ» ሆኑ። የታሪኩ ልጅ ስሟ አይልሳ ነበር፤ ስንዱ አየለች አለቻትና አየለች ሆና ቀረች። አየለች የደሃ ሸማኔ ልጅ ናት። አባቷ ወንዝ ዳር ያለ ዛፍ ይቆርጣል፤ ዛፉ ግን የእነዚያ ነበር። የወንዙ ጌታ ይመጣና በዛፉ ፋንታ ልጅቷ አንድ ክረምት እሱ ዘንድ፣ ከውሃው በታች ባለው ቤት እንድትቀመጥ ያዛል። እዚህም ላይ እማማ ጥሩወርቅ «ጌታስ አንድ ነው» ብለው ስላቋረጡኝ ሰውዬውን «ባለወንዙ» አልነው። ባለወንዙና ወገኖቹ መዋሸት አይችሉም፤ ሊዋሹ ሲሉ ምላሳቸው እምቢ ይላል። ክረምቱ ሲያበቃ አየለች መምረጥ አለባት፤ ወይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ወይ እዚያው ቀርታ ከእነዚያ አንዷ ትሆናለች። ከእነሱ የሆነ ሰው ቤተሰቡን ይረሳል ይባላል።

ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ። የባለወንዙን ግቢ የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ኮርት»፣ እኔ የማውቀው በአንድ ትርጉም ብቻ ስለነበር «ፍርድ ቤት» እያልኩ ነበር የማነበው። ባለወንዙ ፍርድ ቤት ገባ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ግብር ተጣለ፣ በፍርድ ቤቱ ሲጨፈር አደረ።

«እነዚያም ቀጠሮ ይበዛባቸዋል ለካ» አለች አክስቴ።

«የእነሱ ይሻላል» አለች ስንዱ፣ «ቢያንስ እየጨፈሩ ነው ቀጠሮ የሚጠብቁት።»

ከንፈር ለከንፈር የሚሳሳሙበት ቦታ ስደርስ ደግሞ እማማን አየሁና «ተጨባበጡ» ብዬ አለፍኩ። ሁለት ገጽ ስገልጥ አሁንም አላቆሙም።

«ሁለት ገጽ ሙሉ ተጨባበጡ?» አለች አክስቴ።

«በጣም ተጨባበጡ» አልኳት።

ስንዱ ማበጠሪያዋን ጥላ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ሳቀች። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ፀጉር ቤት መጨባበጥ ሌላ ትርጉም ነበረው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የተፈለግኩበት ጊዜ አልነበረም። መብራት ባይጠፋም አንብቢልን ማለት ጀመሩ፤ ደንበኞች ከዚህ በፊት ምን እንደሆነ እየተጠያየቁ ይመጡ ነበር።

ሳምሶን የመጣው አንደኛው ካስክ የተቃጠለ ጊዜ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበር፤ ጋምቤላ መንገድ ከሚሠራ ድርጅት ጋር ይሠራል። ዝናብ ሲገባ የመንገድ ሥራው ስለሚቆም ክረምቱን አዲስ አበባ ያሳልፋል። አጭር፣ ጥቁር፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካ ሰው ነው። የሴቶች ቤት ነው ብሎ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ያስላል እንጂ ሳይፈቀድለት አይገባም። ያን ቀን ካስኩን ፈታቶ መሬት ላይ ዘርግቶ እያለ እኔ አነብ ነበር። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀ። ሲጨርስ ዕቃውን እየሰበሰበ፣

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ባለወንዙ ራሱ ምን ይፈልጋል?» አለ።

ሁላችንም የምንጨነቀው ለአየለች ነበር።

«ብቻውን አይደል የሚኖረው?» አለ ሳምሶን። ስንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩራ ስታየው አየኋት።

በሳምንቱ መብራት ሲጠፋ እንዳነብ ብሎ በባትሪ የሚሠራ ፋኖስ ይዞልኝ መጣ። አመሰገንኩት። ግን አልወደድኩትም። ከዚያ በኋላ ከሥራ ስንወጣ እየጠበቀን ስንዱን ማኪያቶ ይጋብዛት ነበር፣ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ባንኮኒው ጋ ቆመው። እኔንም ይዘውኝ ይሄዳሉ። ፍልሰታ ሲገባ ማኪያቶው በሻይ ተተካ፤ እኔ ልጅ ናት ተብዬ ኬክ ተፈቀደልኝ። ኬኬን እየበላሁ እጆቻቸውን እጠብቅ ነበር። አልተጨባበጡም፤ በየትኛውም ትርጉም። እሱ ስለ ባሮ ወንዝ ያወራል፤ ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ሰው ሁሉ ወንዙ ዳር እንደሚወጣ፣ ውሃው እንዴት ሰፊ እንደሆነ። ፀጉር ቤት ውስጥ ስሙ ወዲያው ተቀየረ። «ባለወንዙ መጣልሽ» ይሏታል፣ በር ላይ ሲያስል።

ከቡሄ በኋላ ነው፤ ቢጎዲኖቹን ጀርባዬን ሰጥቼ እያጠብኩ ስንዱና አክስቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሳምሶን ሽማግሌ ልላክ ብሏታል። መስከረም ሳይጠባ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከመሄዱ በፊት መልሷን ይፈልጋል።

«ሂጂ» አለች አክስቴ። «እኔ ሠራተኛ አላጣም። እናትሽ ወንድምሽ ዘንድ ናት። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጋምቤላ እኮ ነው፣ ወይኒዬ። ሙቀቱ ብቻ።»

«ካስክ ሥር የኖርሽ ልጅ ሙቀት ፈራሁ ትያለሽ?»

ስንዱ ሳቀች። ከዚያ «እሺ፣ አየለች ምን እንዳደረገች ልስማና እመልስለታለሁ» አለች።

በቀልድ ነው ያለችው ወይስ ከልቧ፣ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። እኔ ግን ቃል በቃል ወሰድኩት። መልሱ እጄ ላይ ነው ማለት ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

በማግሥቱ እሁድ ነበር። ከሰዓት እናቴ ስትተኛ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ወደፊት አነበብኩ። ክረምቱ አለቀ። አየለች ከወንዙ ወጥታ ዳር ላይ ቆመች፤ ከአንድ በኩል የአባቷ ቤት ጭስ ይታያታል፣ ከሌላው ባለወንዙ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይጠብቃታል። ወደ እሱ ዞራ «እቀራለሁ» አለችው። መጽሐፉን ዘጋሁት። የቀሩት ገጾች ጥቂት ነበሩ፤ አላነበብኳቸውም። ለምን አነባለሁ? ከእነዚያ የሆነ ሰው ቤተሰቡን እንደሚረሳ አውቃለሁ። ሄዶ ያልረሳ ሰው እኔ አላውቅም ነበር። ስንዱም ጋምቤላ ትወርዳለች፣ ወንዙ ዳር ቆማ ትስቃለች፣ እኔን ትረሳኛለች። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን የሚጎነጉን አይኖርም።

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጾሙ ስለተፈታ ሠርግ ጀምሯል። ስንዱ የአንዲት ሙሽራ ሚዜ ፀጉር እየጠቀለለች «በይ ጨርሺልን» አለችኝ። መጽሐፉን ገለጥኩ። ጣቴን እንደወትሮው መስመሩ ላይ አድርጌ እያንሸራተትኩ፣ እዚያ የሌለ ነገር ማንበብ ጀመርኩ።

አየለች ዳር ላይ ቆመች አልኩ። የአባቷን ቤት ጭስ አየች። «ቤቴ ይሻለኛል» ብላ ሮጠች። እናቷ በር ላይ አቀፈቻት።

«ባለወንዙስ?» አለች ስንዱ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ጣቴ መስመሩ ላይ ቆመ።

«ባለወንዙ በሳምንቱ ሌላ ልጅ አመጣ» አልኩ።

«በሳምንቱ?»

«በሳምንቱ።»

እማማ ጥሩወርቅ ሹሩባቸው በግማሽ እንደተሠራ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ነገር አላማረኝም» አሉ። «ካንቺ በቀር ሌላ አልፈልግም ብሏት አልነበረም? አይዋሹም አላልሽንም?»

ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። «አልዋሸም፣ እማማ» አልኳቸው። «ያኔ እውነቱን ነበር። በኋላ ረሳት።»

አክስቴ ፊቴን ትኩር ብላ እያየች፣ «እውነት እንደዚያ ነው የሚለው?» አለችኝ።

«ጊዮርጊስን» አልኳት።

ያን ስም በዚያ ቤት ማንም በከንቱ አይጠራውም፤ ደወሉ እዚያው ይሰማል። አክስቴ ዓይኗን አነሳችልኝ። ስንዱ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ትልቁን ቢጎዲን አቀበልኳት።

ሳምሶን ሰኞ መጣ። በር ላይ አስለ። ስንዱ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች፤ ከሰገነቱ ሥር ቆመው ሲነጋገሩ በመስታወቱ አያቸው ነበር። ዝናቡ ከሰገነቱ ጫፍ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። የሚናገሩትን አልሰማም። እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ረዘም አድርጎ ተናገረ። እሷ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ከዚያ ጆሮው ላይ ያለውን እርሳስ አውጥቶ ኪሱ ከተተውና ወደ ታች፣ ወደ ፒያሳ ወረደ። አልሮጠም፤ በዚያ ዝናብ ውስጥ ዝም ብሎ ተራመደ። ስንዱ ተመልሳ ገባችና የሚታጠብ ሰው አጠገብ ቆማ ውሃውን በእጇ መዳፍ ለካች።

«ሞቀ?» አለች ለማንም ሳይሆን።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ለሦስት አራት ቀን ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታዬን ያጠፋው የእሷ ዝምታ ነው። ፀጉሬን ትጎነጉናለች፣ ፓስቲውን ትከፍላለች፣ ደንበኛ ሲቀልድ ግን መልስ አትሰጥም። «ሌላ መጽሐፍ ላምጣ?» ስላት «ይበቃናል፣ የኔ ቆንጆ» አለችኝ። ምን እንዳመማት ስላልገባኝ፣ ጳጉሜ ውስጥ አንድ ቀን፣ ሌላ የምሠራው ሳጣ፣ ያኔ የተውኳቸውን ገጾች ከፍቼ አነበብኩ።

አየለች አልረሳችም ነበር። መርሳት የሚባለው ነገር ሰዎች ስለእነዚያ የሚያወሩት ወሬ ነበር እንጂ እውነት አልነበረም። ወንዙ ሲጎድል በየዓመቱ እየወጣች የእናቷን በር ታንኳኳለች፤ ታናናሾቿ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ እናቷ ፀጉሯን ታበጥርላታለች።

ሮጬ ሄጄ ልነግራት ይገባ ነበር። ሳምሶን ከሄደ ገና አሥር ቀኑ ነው፤ ስልክ ቁጥሩም እሷ ዘንድ አለ። ፀጉር ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ስንዱ አየችኝና «ግቢ እንጂ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። በስተጀርባዋ አክስቴ ቆማለች። በጊዮርጊስ ምዬላታለሁ። «ምንም» አልኩ። መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ፀጉር ቤቱ የምሄደው አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ። ቀስ በቀስም ቀረሁ።

ያ አሮጌ ቤት ከነሰፈሩ ፈርሷል፤ አክስቴም ሥራ ትታ ቤቷ ትውላለች። ስለዚያች ስልኳ ላይ ስለምታነበው ልጅ ሳወራት የስንዱን አድራሻ ጠየቅኳት። ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ስንዱ ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ የራሷ ፀጉር ቤት አላት። አርባ አልፏታል። አላገባችም። በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ለአፍታ አየችኝና፣

«ማርታ? አንቺ ልጅ፣ ይሄን ፀጉር ማን ነው እንዲህ ያቃጠለው?» አለችኝ።

ሌላ ሰላምታ ሳይጨመር ወደ መታጠቢያው ወሰደችኝ። እናቴን ጠየቀችኝ፣ አክስቴን ጠየቀችኝ። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ውሃው ሲወርድብኝ ነገርኳት። ፊቷን እያየሁ መናገር የምችል አልመሰለኝም።

«ስንድዬ፣ ያን ክረምት ያነበብኩላችሁ መጨረሻ፣ አየለች የተመለሰችው፣ እኔ የፈጠርኩት ነው። መጽሐፉ ላይ እሱ ዘንድ ቀረች። ቤተሰቧንም አልረሳችም። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

እጇ አልቆመም። ሳሙናውን ከፀጉሬ እያወጣች፣

«ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ይዘሽ ነው የዞርሽው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ልጅ ነበርሽ» አለች። «እኔ ነኝ ያልነበርኩት። ፈርቼ ነበር፣ ማርታ። የማላውቀው አገር፣ አንድ ክረምት ብቻ ያየሁት ሰው። አንድ ሰው ‹አትሂጂ› እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ትልቅ ሰው ብጠይቅ ሂጂ ይለኛል፤ አክስትሽ ብላኛለች። ለዚህ ነው እንደምትሰሚ እያወቅኩ መልሱን ለአንቺ የተውኩት።»

ውሃውን ዘጋችው።

«እሱስ?» አልኳት።

«ሳምሶን?» ፎጣ ሳበች። «ሁለት ዓመት ደወለ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ። ሐሳብሽን ከቀየርሽ ብሎ። እንደማልቀይር ሲገባው ተወ። ጥሩ ሰው ነበር።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ላይ ቅያሜ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ከአንገቴ ደግፋ ቀና አደረገችኝና ፊቴን አየችው።

«ሳሙና ገባብሽ?»

«አይ» አልኳት። «ሳሙና አይደለም።»

ፎጣውን ጭንቅላቴ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችልኝ፤ በጫፉ ጉንጬን ጠረገችልኝና ወንበሩን አሳየችኝ።